አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጣላችሁ በፊት ክፈቱት

የእኛ ቤት ኮምፒውተር ያለው ሳሎን ጥግ ላይ፣ ከረከቦቱ አጠገብ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ይባላል፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ከባንክ ቤት የመጣ የሚመስል የቢሮ ኮምፒውተር። አባዬ በ2017 ያገለገለ የቢሮ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ላይ ሲገዛው እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የአባዬ የታክስ ወረቀት፣ እማዬ እሁድ እሁድ የምታየው የቅዳሴ ስርጭት፣ የወንድሜ የኮቪድ ጊዜ ትምህርት፣ የእኔ የኮሌጅ ማመልከቻ፣ ሁሉም በእሱ በኩል አልፏል። በመጨረሻ ግን በጣም ከመንቀርፈፉ የተነሳ እማዬ ኮምፒውተሩን አብርታ ቡና መቁላት ትጀምር ነበር። ዴስክቶፑ ብቅ የሚለው ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ነው።

ባለፈው ኦክቶበር የአሥራ አራት ዓመቱ ወንድሜ እራት ላይ "ይሄ ነገር ሞቷል፤ ጌሚንግ ኮምፒውተር ግዙልኝ" አለ። እዚህ ሬድመንድ ያደገ ልጅ ይህን ቢል አይፈረድበትም። ማይክሮሶፍት ከ1986 ጀምሮ እዚህ ነው። ኒንቴንዶ ኦፍ አሜሪካም እዚሁ ነው። ስቲምን የሠራው ቫልቭ ያለው ደግሞ ጎረቤታችን ቤልቪዩ ነው። የክፍል ጓደኞቹ አባቶች ጌም ይሠራሉ፤ የእኛ አባት ከኤርፖርት እየተቀበለ ቤታቸው ያደርሳቸዋል።

አባዬ ዋጋውን ሰምቶ ዝም አለ። ቆየት ብሎ "እንግዲያው አሮጌውን አዲስ አበባ እንላከውና አዲሱን በክሬዲት ካርድ እናየዋለን" አለ። እማዬ "ምን አዲስ! ጌም ብሎ ነገር የለም፣ ትምህርቱን ይማር" አለች። እኔ ከእማዬ ጋር ነበርኩ። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት በረዳት ነርስነት እሠራለሁ። ስለ ጌም የማስብበት ትርፍ ጊዜም ትርፍ ርኅራኄም አልነበረኝም።

አሁን ግን አራታችንም ተሳስተን ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህንን የምጽፈው ለዚያ ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ቤት እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አለ። ሳይታይ አይጣልም፣ ሳይታይ ለሀገር ቤት አይላክም፣ በዕዳም አይተካም። መጀመሪያ ይከፈታል። የሚከፈተውም ልጁ በሩን ዘግቶ ብቻውን ሳይሆን ሳሎን ውስጥ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት ይሁን።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የአክስቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። አባዬ በቴሌግራም "አንድ ኮምፒውተር ልንልክልህ ነው" ብሎ ሲጽፍለት በድምፅ መለሰ፦ "ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ምኑ ተበላሽቶ ነው?" አባዬ "አልተበላሸም፣ ቀርፋፋ ሆነ እንጂ" አለው። "ታዲያ ካልተበላሸ ለምን ትለቁታላችሁ? አንዳንዴ እኮ የምትልኩልን የተበላሸውን ሳይሆን የሰለቻችሁን ነው።" አባዬ ትንሽ ተቀየመ። እኔ ደግሞ አፈርኩ፤ ምክንያቱም እውነት ነው። እኛ "ሀገር ቤት ይጠቅማቸዋል" እያልን ሻንጣ ውስጥ የምንከታቸው ስልኮችና ላፕቶፖች ስንቶቹ ናቸው እኛ ራሳችን ሠላሳ ዶላር አውጥተን መጠገን የሰነፍንባቸው? እሱ ጋ ኮምፒውተር አይጣልም። የሞተው እንኳን ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ዕውቀቱ ያለው እነሱ ጋ ሆኖ ሳለ ዕቃውን የምንልከው እኛ ነን።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደውሉልኝ፣ ከፍታችሁ አሳዩኝ" አለን። እዚህ ያደግሁት እኔ ሁለት ሰዓት ማለት ሁለት ሰዓት መስሎኝ፣ የአሥር ሰዓቱን ልዩነት አስልቼ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደወልኩ። እሱ ጋ ለካ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ሳይቆጣ፣ ዓይኑን እያሻሸ፣ "ማታ በእናንተ አራት ሰዓት ላይ ደውይ፣ በፈረንጁ አሥር ማለቴ ነው" ብሎ ተኛ። አማርኛ አውቃለሁ እያልኩ የምኩራራው እኔ ነኝ።

ማታ ደወልን። "ካቻቪቴ አምጡ" አለ። ወንድሜ የምግብ ስም መሰለው። አባዬ ሳቀና ከመኪናው አንድ ካቻቪቴ አምጥቶ ሰጠው። የኦፕቲፕሌክሱ ጎን ግን ያለ ምንም ካቻቪቴ፣ መያዣውን ስትስቡት ነው የሚከፈተው። ውስጡ የስምንት ዓመት አቧራ ነበር፤ የእጣን ጭስ ተቀላቅሎበት ጥቅጥቅ ያለ፣ ፋኑ ላይ እንደ ጥጥ የተጣበቀ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለን ወደ በረንዳ አወጣነው፤ እኔና ወንድሜም በብሩሽ መጥረግ ጀመርን።

እዚያ በረንዳ ላይ ነው ያወራኝ። ጓደኞቹ ማታ ማታ የሚገናኙት ጌም ውስጥ ነው። የሚያወሩት፣ የሚቀላለዱት፣ ቅዳሜ የት እንሂድ የሚባባሉትም እዚያው ነው። እሱ ጓደኛው ቤት ሲሄድ ሌላው ሲጫወት ከኋላ ቆሞ ያያል፤ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ የለም። "እኔ ሁልጊዜ በነጋታው ነው የምሰማው" አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። እኔ በየሳምንቱ የማላውቃቸውን አዛውንቶች "ዛሬ እንዴት ዋሉ፣ ሰው ጠየቀዎት?" እያልኩ እጠይቃለሁ፤ ወንድሜን ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ትእዛዝ "ምንም አትግዙ" የሚል ነበር። "መጀመሪያ የዲስኩን ጤና እዩ።" ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አስጫነን። ጤነኛ ዲስክ ሰማያዊ ያሳያል፤ የእኛው ቢጫ አሳየ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ የእኛው ሳህን ሊነበቡ ያልቻሉ ቦታዎችን እየዘለለ በትርፍ ቦታ እየተካ ነበር። ኮምፒውተሩ የተንቀረፈፈው አንድም በዚህ ነው። ቢጫው ዛሬ ወይም ከዓመት በኋላ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ መቼ እንደሆነ አይናገርም።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም ጌሙን የሚያህል ሌላ ነገር አለ። የወንድሜ ዕቅድ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ነበር። የአባዬ ዕቅድ መላክ። ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም። "ከሀገር ቤት" የሚል ፎልደር ነበረ፤ በ2018 ደብረ ብርሃን የተቀረጸ የአያታችን ቪዲዮ እዚያ ውስጥ ነው። ሰው በፍላሽ ያመጣልን ነው፣ ፍላሹ ከጠፋ ቆይቷል። አያቴ በ2021 አረፈች፤ በወረርሽኙ ምክንያት ማናችንም ለቀብር አልደረስንም። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው፤ ጋቢዋን ለብሳ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዳችንን በስም እየጠራች ትመርቃለች።

ኮፒው መጀመሪያ ግማሽ ላይ ቆመ። እማዬ ከኋላችን ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። ኮምፒውተሩን አጥፍተን፣ እስኪቀዘቅዝ አቆይተን፣ በማግስቱ ሌሊት እንደገና ሞከርን፤ አለፈ። ስንከፍተው ወንድሜ "ስሜን ጠራችኝ" አለ። ቪዲዮው ሲመጣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበር አያስታውሰውም። ምርቃቱን ግማሹን አልተረዳም፤ እማዬ አንድ በአንድ ተረጎመችለት። አሁን ቪዲዮው በውጭ ዲስክም፣ በኢንተርኔት ማስቀመጫም፣ በአራታችን ስልክም አለ። ይህንን ጽሑፍ አንብባችሁ ሌላ ምንም ባታደርጉ እንኳን ዛሬ ማታ የወላጆቻችሁን ፎቶና ቪዲዮ ሁለት ቦታ ገልብጡ።

ከዚያ ወደ ግዢ። 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በ36 ዶላር ገዛን። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው፣ ጌም ለሚጫወተውም ለማይጫወተውም። ኮምፒውተሩ አሁን ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ይነሳል። እማዬ ቡናውን ቀድማ መቁላት ጀምራለች።

ወንድሜ ግን ቸኮለ። በገና ብሩ፣ ሳይጠይቀን፣ አርኤክስ 580 የሚባል ግራፊክስ ካርድ ከአንድ ሰው ላይ በ60 ዶላር ገዝቶ መጣ። ሻጩ አልዋሸም፣ ካርዱም ጥሩ ካርድ ነው። ችግሩ የእኛ ኮምፒውተር ነው። አርኤክስ 580 ወደ 185 ዋት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚሰካ ባለ ስምንት ፒን ገመድ ያስፈልገዋል። የእኛ ፓወር ሰፕላይ ግን በጠቅላላው 290 ዋት ነው፣ ያ ገመድም የለውም። ፓወር ሰፕላዩን እንቀይር ብንል ደግሞ የዴሉ ማዘርቦርድ የሚቀበለው መሰኪያ የራሱ ዓይነት ነው፤ መደበኛው ያለ መለወጫ ገመድ አይገባለትም። ካርዱን በ45 ዶላር መልሶ ሸጠው። አሥራ አምስት ዶላር ከሰረ፤ ሁለት ቀንም አኮረፈ። እንዲህ ባለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው ብሩን የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ ካርዱን በዋጋውና በስሙ ይመርጣል፣ ዋቱን አያይም።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የግራፊክስ ካርድ መሰኪያ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ፣ በ75 ዋት የሚሠራ ካርድ ነው የሚፈለገው። ሦስት አማራጮች ነበሩን። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ርካሽ ነው፣ ግን ኤንቪዲያ በኦክቶበር 2025 ለዚያ ትውልድ አዳዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣት አቁሞ የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ወደ መስጠት ገብቷል። አርኤክስ 6400 አዲስ ነው፣ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ እንደ እኛው ባለ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጂቲኤክስ 1650 በ2019 የወጣ ነው፣ ድራይቨሩ አልቆመም፣ ገመድ የማይፈልግ ዓይነትም አለው። ያገለገለ በ95 ዶላር አገኘን። ገመድ የሚፈልግም 1650 ስላለ ፎቶውን አጉልታችሁ ጎኑን እዩ፤ መሰኪያ ካለው ለእናንተ አይሆንም።

ለራሙ ሲያትል ወረድን። በ545 አውቶቡስ ከተማ፣ ከዚያ በባቡር ሶዶ። አባዬ ወጣት ሳለ ወላይታ ሶዶ ስለሠራ "ሶዶ" ባልን ቁጥር ይስቃል፤ የባቡር ጣቢያው ስም ላይ ቆሞ ፎቶ ካልተነሳሁ አለ። እዚያ ሪፒሲ የሚባል ያገለገለ ኮምፒውተርና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ ውስጡ ሲገቡ መርካቶ ነው የሚመስለው፣ ገመድ በየሳጥኑ፣ ኪቦርድ በክምር። የእኛ ኮምፒውተር አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም ነበረው። ሌላ አንድ 8 በ12 ዶላር ጨመርንበት። 16 መሆኑ ብቻ አይደለም ጥቅሙ፤ ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንዴ ያነባል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በጣም ርካሽ ዲዲአር3 ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሰርቨር ራም ነው፣ በቤት ኮምፒውተር ላይ አይሠራም።

አዲስ ኮምፒውተር ላይ ያለው ራም ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን እየጠረጉት ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ ማይክሮን በዲሴምበር ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠውን ምርት ሊያቆም መሆኑን አስታውቋል። "አዲስ መግዛት ይሻላል" የሚሉኝ ታላላቆቼ ይህንን ያስሉልኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የ11 ዶላር የኢንተርኔት ገመድ ነው። ወንድሜ "ይቆራረጣል" የሚለው ግማሹ ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከዋይፋይ ኖሯል። ገመዱን በግድግዳው ጥግ፣ ከምንጣፉ ሥር አሳልፈን ስንሰካው ቆመ። ሞኒተር አልቀየርንም። የእኛው በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ 144 ቢያመጣም የሚታየው 60ው ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚያመጣ ካርድ መክፈል ሰው በማያየው ነገር ላይ ገንዘብ መበተን ነው። ለፕሮሰሰሩ የሚቀባ የሙቀት ቅባት 6 ዶላር።

ሲደመር 160 ዶላር፣ ከወንድሜ ኪሳራ ጋር 175። ትንሹ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ 399.99 ዶላር ነው። በ2025 የዋሽንግተን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 16.66 ነበር። እንግዲህ አንዱ ታክስ ሳይቆረጥ የሃያ አራት ሰዓት ሥራ ነው፣ ሌላው አሥር ሰዓት አይሞላም። ኤክስቦክሱ ላይ ደግሞ አባዬ ታክስ አይሠራበትም፣ እኔም ኬር ፕላን አልጽፍበትም።

ምን ይጫወታል? ሮኬት ሊግ፣ ፎርትናይት፣ ማይንክራፍት፤ ሁሉም ሴቲንጉን ዝቅ አድርጎ በደንብ። የማይሆነውንም ልናገር። የ2014 ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ነው ያለን። እንደ ባትልፊልድ 6 ያለ አዲስ ጌም ቢያንስ ኮር አይ5 8400 ይላል፤ እሱን እርሱት። ዊንዶውስም ችግር ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 እና ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል፣ የእኛው አራተኛ ነው። ግለሰቦች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚቆይ ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ በ30 ዶላር፣ ወይም የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከማይክሮሶፍት አካውንታቸው ጋር በማመሳሰል በነጻ ያገኛሉ። እኛ በነጻው ተመዝግበናል። ከዚያ በኋላ ሊነክስ እንጭናለን ብዬ አስቤያለሁ፤ ስቲም ላይ ያሉ ብዙ ጌሞች በሊነክስ ይሠራሉ፣ ፎርትናይት ግን አይሠራም። ያኔ ከወንድሜ ጋር ሌላ ድርድር ይጠብቀኛል።

እማዬ የባንክ ሥራዋን የምትሠራው በዚሁ ኮምፒውተር ስለሆነ ለሁሉም የየራሱ አካውንት ከፈትን። የወንድሜ አካውንት ያለ አባዬ የይለፍ ቃል ምንም ፕሮግራም መጫን አይችልም። በነጻ የተገኘ የጌም ማጭበርበሪያ ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ ቢመጣ የሚጎዳው የእሱ ጌም ብቻ ሳይሆን የእማዬ ደመወዝ ጭምር ነው። በጋራ ዕቃ ላይ ሲጫወት የጋራ ሕግ ይኖራል፤ የራሱ ክፍል ውስጥ የራሱ ኮምፒውተር ቢኖረው ይህን ሕግ ለማስከበር ስንት ጊዜ በር እናንኳኳ ነበር?

ስለ እማዬ ፍርሃት። "ጌም ሱስ ነው" ትላለች፤ ፍርሃቷን አልንቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገቡ የጌም መታወክን አካቷል። ግን መዝገቡ የሚለው ብዙ መጫወትን አይደለም፤ መቆጣጠር አለመቻልን፣ ጌሙ ከሌላው ሕይወት ሁሉ መቅደሙን፣ ጉዳት እያመጣም መቀጠሉን ነው፤ ያም በአብዛኛው ዓመት ያህል የቆየ ሲሆን። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ እንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ወንድሜ ጠዋት ለትምህርት ቤት የሚነሳበት ሰዓት ይታወቃል። ስለዚህ በፈረንጁ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይጠፋል። ሳሎን ውስጥ ስለሆነ አባዬ ዜና ሊያይ ሲመጣ በራሱ ያልቃል፤ ጭቅጭቅ የለም አልልም፣ አጭር ነው።

ደግሞ ጌም የፈረንጅ ነገር ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ልትታረድ ሲሉ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበት ኩኩሉ የሚባል የስልክ ጌም ሠርቷል። ለእማዬ ባሳያት የበዓል ዶሮ ትዝ ብሏት ሳቀች። ሮኬት ሊግን ግን ሳናስረዳት ገባት፤ መኪናዎች ኳስ የሚጫወቱበት ጌም ነው። "ገባ? ግብ ነው?" ትላለች ከወጥ ቤት። አባዬ የወንድሜን አነዳድ አይቶ "ይሄን ልጅ መንጃ ፈቃድ እንዳትሰጡት" ይላል።

ቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎች ይህን አንብባችሁ "ታናሽ ወንድምሽን አንድ ኮምፒውተር እንግዛለት" የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ደግነታችሁን አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ግን ቅዳሜያችሁን ነው። እኛ ቤት ሁለት ቅዳሜና አምስት ምሽት ፈጅቷል፤ አዲስ አበባ ያለው ልጅ ሌሊት እየተነሳ ባይመራን ኖሮ አንጨርሰውም ነበር። ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ የአክስት ልጅ የለውም። እናንተ ግን አላችሁ። ማኅበራችን በየሴሚስተሩ የባህል ምሽት ያዘጋጃል፤ አንድ ቅዳሜ ደግሞ ጠረጴዛ ዘርግተን፣ ካቻቪቴ ይዘን የየቤታችንን ኮምፒውተር ብንከፍትስ? ታናናሾቻችሁን አምጡ። ወላጆቻችሁንም አምጡ፤ ቡናው በእኔ።

ላፕቶፕ ካላችሁ ግራፊክስ ካርድ መጨመር አይቻልም፤ ኤስኤስዲና፣ ካልተበየደ ራም፣ እሱን እናይላችኋለን። በእርግጥ ያበቃለት ከሆነ ደግሞ ስቴቱ ከ2009 ጀምሮ ኢ-ሳይክል ዋሽንግተን በሚባለው ፕሮግራም ኮምፒውተርና ሞኒተር በነጻ ይረከባል፤ ዲስኩን ግን አውጥታችሁ አስቀሩት።

ከመምጣታችሁ በፊት ሁለት ፎቶ አንሱ፦ አንዱ የኮምፒውተሩን ሞዴል ስም፣ ሌላው ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት፣ ዋቱ የሚነበብ ሆኖ። ካርድ ገና አትግዙ።